በጥጥ የተፈተነ ገላ

ሰኔ ሚካኤል ዕለት ማኅበሬ ተራዬን ዘለለ። ጽዋው ወደ እኔ ቤት መግባት ነበረበት፤ ወደ ጎረቤቴ ቤት ገባ። ምክንያቱ ገላዬ ላይ የወጣ ነገር ነው። እሱም የወጣው ክትባት ስለወሰድኩ ነው። ሌላ ጥፋት የለብኝም። የሰው አልሰረቅሁም፣ ወሰን አልገፋሁም፣ እስከዚያ ቀን ከማኅበር ቀርቼ አላውቅም ነበር።

ማኅበራችን የሚካኤል ነው፤ ሃያ አራት ነን። በየወሩ በአሥራ ሁለት ከአንዱ አባል ቤት እንሰበሰባለን። ባለተራው ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይደፋል፣ ካህኑ ይባርካሉ፣ አንድ ዋንጫ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ሲያበቃ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ባለተራ ይሰጣል። ጽዋው ማለት የመልአኩ ሥዕል ያለበት ጨርቅ የለበሰ ማሰሮ ነው። ተቀባዩ ሰግዶ፣ ተሳልሞ ይቀበልና ሰው እየዘመረ ቤቱ ድረስ ይሸኘዋል። ያ ቤት ወሩን ሙሉ ይከበራል፤ የተጣላ ሰው እንኳ በደጁ ሲያልፍ ቆሞ ያማትባል። ተራ የሚደርሰው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ነገር ሲቀርብህ ምን እንደሚመስል ያልቀረበት ሰው አያውቀውም።

ክትባቱ የመጣው የካቲት ውስጥ፣ ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የኮሮና ክትባት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከወይራው ሥር ጠረጴዛ ዘርግታ ተቀመጠች። አንድ ሰው አልቀረባትም። ሴቱ ያመክናል ይላል፤ ወንዱ የአውሬው ቁጥር ነው ይላል። ልጅቱ የሰፈራችን ልጅ ናት። ስትወለድ እልል ያሉላት ሴቶች ያን ቀን ዓይኗን ላለማየት ነጠላቸውን ሳቡ።

ከጠረጴዛው ፊት ወረቀት ተለጥፏል። ቀርቤ አነበብኩት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት አርባ ስድስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው፤ በጎልማሶች ትምህርት፣ ከልጆቼ ታናሽ በሆነ አስተማሪ። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ሳገኝ ዝም ብዬ አላልፍም፤ የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር አነባለሁ። ያን ቀንም ድምፄን ከፍ አድርጌ ስንቱ ዓመት የሞላው እንደሚከተብ፣ ክንድ ላይ እንደሚሰጥ አነበብኩ። ጎረቤቴ ከኋላዬ ሳቀ።

«አንብበህ ስታበቃ ትወጋለህ ወይስ ንባብ ብቻ ነው?»

«እወጋለሁ» አልኩት።

«ኧረ ተው! ከተወጋህ እኮ መውለድ ቀረ።»

«ሰባት ወልጃለሁ፤ ይበቃኛል። አንተ ግን አንድ ብትጨምር ደግ ነበር።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ ያለችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ምላሴ እንዲህ ነው። ብዙ ቦታ ጎድቶኛል፤ ያን ቀንም ሳይጎዳኝ አልቀረም። ጎረቤቴ ስል በሬ የምንቀናጅ ሰው ነው፤ እኔ አንድ በሬ አለኝ፣ እሱም አንድ አለው፤ አቀናጅተን አንድ ቀን የእኔን፣ አንድ ቀን የሱን እናርሳለን። እንዲህ ካለ ሰው ጋር መጣላት አይቻልም፤ መሬቱ ጦም ያድራል። ስለዚህ አልተጣላንም። እሱ ነገሩን ቆጥቦ አስቀመጠው፣ እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ሰጠሁ።

ልጅቱ «ክንድዎን ያምዎታል፤ ትኩሳት ቢጤም ይኖራል፤ በሁለት ቀን ይተውዎታል» አለችኝ።

አመመኝ፣ ተኮስኩ፣ በሁለት ቀን ተወኝ። ከእኔ በኋላ አሥር ያህል ሰው ተከተበ። አንዳቸውም ምንም አልሆኑም። በዘጠነኛው ቀን ግን የእኔ ክንድ የተወጋበት ቦታ ተመልሶ አበጠ፣ ቀላ፣ አሳከከኝ። እሱም በሳምንቱ ጠፋ። ቀጥሎ ከግራ ብብቴ ዝቅ ብሎ አንድ ክብ ነገር ወጣ። ስፋቱ የስኒ አፍ ያህላል፤ ዳር ዳሩ ይላላጣል፣ መሃሉ ጸጥ ያለ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ትናንሾቹ ተከተሉ፤ ደረቴን፣ ሆዴን፣ ጀርባዬን ሞሉት። ፊቴንና እጄን አልነኩም። ልብስ ለብሼ ስሄድ ደህና ሰው ነኝ።

ለትንሣኤ ገላዬን ስታጠብ ጀርባዬን የምታሸኝ ባለቤቴ ናት። እጇ በመሃል ቆመ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ክትባቱ ነው።»

«ክትባቱ የተሰጠህ ክንድህ ላይ አይደለም እንዴ?»

እውነቷን ነው። ውኃውን አፈሰሰችልኝና ገባች።

ምን እንደፈራች አውቃለሁ። የእናቴ አጎት የሥጋ ደዌ ነበረበት። ከምንጩ ማዶ ብቻውን ጎጆ ቀልሶ ኖረ፣ ብቻውን ሞተ። ምግቡ ከድንጋይ ላይ ይቀመጥለትና አስቀማጩ ሲርቅ መጥቶ ይወስድ ነበር። አገሩ ደዌ በዘር ይወርዳል ብሎ ያምናል። እኔም አምን ነበር። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ በቅል ውኃ ይዞ ወጣና «ጠጣ፣ የእህቴ ልጅ ልጅ» አለኝ። ጉሮሮዬ ደርቆ «አሁን ጠጥቼ መጣሁ» አልኩት። ይህን የምጽፈው ማኅበሬን ልምር ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ስለሆነ ነው። ያን ሰሞን ሰው ሳያየኝ በልብስ መስፊያ መርፌ ጎኔን እየወጋሁ ያመኛል ወይ ብዬ እሞክር ነበር። ያመኛል። ግን የሚያመኝ መርፌው ይሁን ፍርሃቱ አላውቅም።

ግንቦት ሲገባ መላላጡ ቆመ፤ ማሳከኩም ተወኝ። ድኜ ነበር ማለት ነው። ችግሩ በሽታው ምልክቱን ትቶ መሄዱ ነው፤ ክቦቹ በነበሩበት ሁሉ ገላዬ ነጣ ነጣ አለ። ጥቁር ሰው ነኝ፤ ነጭ ቦታ ከሩቅ ይታይብኛል። አንድ ቀን የጎረቤቴን ማሳ ስናርስ ላብ ሲያጠምቀኝ ሸሚዜን አወለቅሁ። እሱ በሬዎቹን አቁሞ አየኝ። ምንም አላለም። ጅራፉን አነሳና ቀጠለ።

ምንም ያላለው ለእኔ ነው እንጂ ለሌላው ብሏል። ግንቦት ሚካኤል ዋንጫው እየዞረ መጥቶ እኔ ጋ ሲደርስ አለፈኝ። ሙሴው፣ የማኅበሩን አለቃ ሙሴ ነው የምንለው፣ ሽማግሌ ናቸው፤ ከጓዳ ጣሳ አስመጥተው ጠላ አስቀዱልኝ። የዘይት ጣሳ ነው። ጽሑፉ አልጠፋም ነበር፤ አነበብኩት።

«ምነው ለእኔ ጣሳ?» አልኩ።

«ዋንጫው አልበቃ ብሎን ነው» አሉ ሙሴው።

«አንድ ዋንጫ ለሃያ አራት ሰው ስንት ዓመት በቃ! ዛሬ ምን አጠበበው?»

«ጠጣ እንግዲህ፤ ጠላው አንድ ነው።»

በኮሮናው ዓመት ዋንጫ አትጋሩ ተብሎ በስብሰባ ሲነገረን «በሚካኤል ዋንጫ በሽታ አያልፍም» ብለው የተቆጡት እኚሁ ሙሴ ናቸው። ኮሮና ያላለፈበት ዋንጫ የእኔ አፍ ሲደርስ በሽታ ያሳልፍ ጀመር። ጣሳውን ሳልጠጣበት መሬት አስቀመጥሁት።

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ። በደብተሩ መሠረት የሐምሌ ባለተራ እኔ ነኝ፤ ጽዋውን ሰኔ ላይ ተቀብዬ ሐምሌ አሥራ ሁለት እደግሳለሁ። ባለቤቴ ጣሳውን ሰምታለች፤ ቢሆንም ገብሱን ነክራ ብቅል አብቅላ፣ ጌሾውን ቀንጥሳ፣ ጽዋው የሚቀመጥበትን መደብ በአዲስ እበት ለቅልቃ ጠበቀች። «ጽዋ ሲገባ እኮ ያልፋል፤ ጽዋ የገባበትን ቤት ማን ያማል?» ትለኝ ነበር። እኔም ልቤ በዚያ ላይ ነበር። ጽዋው ከገባ ወሬው ይሞታል።

ጸሎቱ አለቀ። የማኅበሩ ጸሐፊ የሆነው ዲያቆን ደብተሩን ገልጦ የባለተራውን ስም ጠራ። የጎረቤቴን ስም ጠራ። ጎረቤቴ ከእኔ ቀጥሎ ነው። ተነሣሁና ደብተሩን ከዲያቆኑ እጅ ወሰድኩ። ፊደል ባልቆጥር ኖሮ «ተራህ ገና ነው» ብለው ይመልሱኝ ነበር። ስሜ ቦታው አለ። በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ማስመሪያ ይዘው የሰረዙት ይመስለኛል።

«ማነው የሰረዘኝ?» አልኩ።

ዲያቆኑ ወደ ሙሴው አየ። ሙሴው «ልጄ፣ በመካከላችን ሕፃናት አሉ። ካህኑ ይዩህና ንጹሕ ነህ ካሉ ማን ይከለክልሃል?» አሉ።

ካህኑ የነፍስ አባቴ ናቸው። ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር ድጓ ተምረው የመጡ ሊቅ ናቸው፤ ስለ ዜማ ጠይቋቸው፣ አያልቅባቸውም። በጥንቱ በኦሪት ሥርዓት የሰውን ቆዳ የሚመረምር ካህን ነው። ጠጉሩ በምልክቱ ላይ ከነጣ ርኩስ ነው ይላል ሥርዓቱ። አባ ያን አስታወሱ። ከበሩ አቆሙኝና ሸሚዜን በአንድ ወገን ገለጥ አድርገው ያን ከብብቴ በታች ያለውን ትልቁን ነጭ ቦታ ጎንበስ ብለው አዩት። ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው አዝኗል።

«ልጄ፣ ጠጉሩ ነጥቷል» አሉ። «ሁለት ጠጉር። አይቻለሁ።»

አምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደረቴ በሙሉ ሽበት ነው። ከዚያ ሁሉ ሽበት ሁለቱ እዚያ ቦታ ላይ ቢገኙ ምን ይገርማል? ይህን ያኔ አልተናገርኩም። አልመጣልኝም። ምላሴ ሁሉን ቀን ይሠራና የምፈልገው ቀን ይተኛል። ጎረቤቴ ሰግዶ ጽዋውን ተቀበለ። እየዘመሩ ወደ ቤቱ ሲሄዱ በእኛ ደጅ ነው ያለፉት፤ መንገዱ ያው አንድ ነው። ባለቤቴ ዝማሬውን ሰምታ የመጣልን መስሏት ነጠላዋን ለብሳ ከበር ወጥታ ቆማ ነበር። አለፏት። ብቅሉን በማግስቱ ለዶሮ ሰጠችው።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ ነው። ሐምሌን ሙሉ ከጎረቤቴ ጋር አረስን። የእኔን በሬ በእጁ ይነካል፤ እኔ የያዝኩትን እርፍ ሲደክመኝ ተቀብሎ ይይዛል፤ ላቤ ከላዩ ሳይደርቅ። አንድ ቀን አልቻልኩም።

«የያዝኩትን እርፍ ትይዛለህ። ዋንጫው ላይ ሲሆን ነው የምትፈራኝ?»

«እኔ ፈራሁ አልኩህ? ማኅበሩ ነው።»

«የበሬዬስ ቆዳ አያስፈራህም?»

«በሬህ ክትባት አልተወጋ።»

«ተወግቷል እንጂ። አምና ሁለቱንም በሬዎች ቀንዳቸውን ይዘን ያስወጋናቸው እኔና አንተ አይደለንም?»

በሬውን አየው። ከዚያ «ና፣ ዝናቡ ሳይመጣ ይቺን ትልም እንጨርሳት» አለ።

ለባለቤቴ ስል ሰባት ቀን ጠበል ተጠመቅሁ። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እንቅልፌን መልሶልኛል። ነጩ ቦታ ግን እዚያው ነው። ከዚያ ወደ ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሄድኩ። ስታየኝ አለቀሰች። እኔ ከታመምኩ ወዲህ ሕፃናትን እንኳ ለማስከተብ የሚመጣላት እናት ቀንሶ ነበር።

«እኔ ይኼን አላውቀውም» አለችኝ። «አላውቅም ማለት ደግሞ አፈርኩ። ጤና ጣቢያ ይሂዱልኝ፤ እጽፍልዎታለሁ።»

ዓርብ ቀን አህያዬን ባቄላ ጭኜ ከገበያተኛው ጋር አርብ ገበያ ወረድኩ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። ባቄላውን ለአንድ ዘመድ አደራ ሰጥቼ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ነርሷ ወጣት ናት። ሸሚዜን አስወልቃ ዙሪያዬን አየችኝ፤ ደረቴን፣ ጀርባዬን፣ ክንዴን፣ ሳትቸኩል። መቼ እንደተከተብኩ፣ መጀመሪያ ምን እንደወጣ፣ ትልቁ ነው ትናንሾቹ የቀደሙት ብላ ጠየቀችኝ። ትልቁ ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ከጥቅሉ ጥጥ ቀደደችና ጫፉን እንደ ክር አሾለችው።

«አባቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሲነካዎት በጣትዎ ቦታውን ያሳዩኝ።»

ነጩን ቦታ ነካች፤ አሳየሁ። ሌላውን ነካች፤ አሳየሁ። ከኋላዬ ዞራ ጀርባዬን ነካች፤ እጄ እስከሚደርስ አሳየሁ። ጉልበቴንና ክርኔንም በጣቷ እየጫነች ጅማቱን ዳሰሰች።

«ይኼ ደዌ አይደለም» አለች። «ደዌ ቢሆን በነጩ ቦታ ጥጡን አያውቁትም ነበር፤ ያ ቦታ ይደነዝዛል። የእርስዎ ያውቃል። ክትባት የወሰደ ጥቂት ሰው ላይ እንዲህ ቆዳ ላይ የሚወጣ ነገር አለ፤ አንድ ትልቅ ይቀድማል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። ያስፈራል እንጂ አይጎዳም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። መነጣቱ ወራት ይቆያል፣ ከዚያ ቀለሙ ይሞላል። ሌላ ጊዜ ሲከተቡ ግን ይህ እንደደረሰብዎት ይንገሩ።»

«ልጄ፣ ይኼን ጻፊልኝ።»

ጻፈች። እንግሊዝኛ ነው። «ይኼን እኔም አላነብ፣ እነሱም አያነቡ» አልኳት። ሳቀችና ከሥሩ በአማርኛ ጻፈችልኝ፤ ማህተም መታችበት። ወደ አገሬ ስመለስ አህያዋን እየነዳሁ መንገዱን ሁሉ አነበብኩት። «የሥጋ ደዌ ምልክት የለበትም።» አንድ ሰው ተመርምሮ የሌለበትን ነገር በጽሑፍ ይዞ መሄዱ እንዴት ደስ እንደሚል!

ነሐሴ ሚካኤል ወረቀቱን ለማኅበሩ አነበብኩ። ሙሴው አዳመጡ። ካህኑ ያን ቀን ሰው ሊቀብሩ ሄደው አልነበሩም።

«ደግ ነው» አሉ ሙሴው። «ወረቀት ግን ገላን አያይም። ማህተሙንም ቢሆን ገበያ ላይ የሚቀርጽ አይጠፋም።»

«እኔ ማህተም አስቀርጬ መጣሁ ነው የሚሉት?»

«እኔ አላልኩም። አይጠፋም ነው ያልኩት።»

ጣሳው መጣ። ወጥቼ ሄድኩ። መስከረም ቀረሁ። ጥቅምት ቀረሁ። በማኅበራችን ሕግ ሦስት ወር ተከታትሎ የቀረ ስሙ ይሠረዛል፤ እንደገና ቢመጣ እንደ አዲስ ገብቶ ከሁሉ በታች ነው የሚጻፍ። ኅዳር ሦስተኛዬ ነበር። ዲያቆኑ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ዘንድሮ ኅዳርን አትቅር፤ ደብተሩን አዲስ ልንገለብጠው ነው» አለኝ። ደግ ልጅ ነው። አዲሱ ደብተር ላይ በስሜ ላይ ቀይ መስመር አይሰመርም፤ ስሜ ሳይጻፍ ይቀራል፣ ያ ደግሞ ለማንም አይታይም። ይህ ገብቶኛል።

ኅዳር ሚካኤል ከባለቤቴ እንቅብ የተፈለቀ ጥጥ ወስጄ በኪሴ ከተትሁ። ባለተራዋ አንዲት ባልቴት ናቸው፤ አዝመራ ስለነበረ ግቢያቸው በገብስ ነዶ ተሞልቷል፣ ሰው ነዶውን ተደግፎ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ካህኑም ነበሩ። ገብቼ ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

«ወረቀት ገላን አያይም ብላችሁኛል። እሺ፤ እናንተ እዩት። ደዌ ያለበት ሰው ነጩ ቦታ ይደነዝዛል፤ ጥጥ ቢነካው አያውቀውም። ዓይኔን እሰሩና እያንዳንዳችሁ ንኩኝ። አንዱን ከሳትሁ በእጄ ስሜን እሰርዛለሁ፤ መጻፍ እችላለሁ።»

ሸሚዜን አወለቅሁ። ያን ጊዜ የሆዴና የደረቴ ቀለም ሞልቷል፤ ጎኔ ላይ ትልቁ፣ ጀርባዬ ላይ ሦስት አራት ቀርተዋል። ዲያቆኑ ዓይኔን በነጠላ አሰረኝ። መጀመሪያ አባ ነኩኝ፤ ጎኔን። አሳየሁ። ሌላ ሰው ጀርባዬን ነካ። «ከትከሻዬ በታች፣ በቀኝ» አልኩ። ሌላ ነካ፤ አወቅሁ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ከዚያ የጎረቤቴን ድምፅ ሰማሁ።

«በል፣ አሁን የት ነካሁህ?»

«አልነካኸኝም።»

«ነክቼሃለሁ!»

«አልነካኸኝም። ትንፋሽህ ግን ነክቶኛል፤ ነጭ ሽንኩርት በልተሃል።»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ባልቴቷ «አንተ ጥጡን ደብቀህ ሰውየውን ልታሳስተው ነው? እፈር እንጂ!» ብለው ጮኹበት። «ጥጡ እዚሁ እጄ ላይ ነው፣ እማማ» ሲል ሰማሁት። ሙሴው በዝግታ መጡ። ነኩኝ።

«ይኼ ደህናው ቆዳ ነው» አልኳቸው። «ነጩን ይንኩ እንጂ፣ አባቴ። ለዚያ ነው የቆምሁት።»

ነጩን ነኩ። ቦታውን በጣቴ ስጠቁም ጣቴ ከእጃቸው ጋር ተጋጨ። አልሸሹም። ይህን እመሰክርላቸዋለሁ።

«በቃ! በብርድ ልትገድሉት ነው?» አሉ ባልቴቷ። ዓይኔን ፈቱኝ። አባ ከፊቴ ቆመው ደረቴን ያያሉ።

«አንተ ሰው» አሉ፣ «ደረትህ እኮ በሙሉ ሽበት ነው።»

«አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አባቴ።»

«ያን ዕለት እኔ ምልክቱን ብቻ ነው ያየሁት።»

«ያን ዕለት ሸሚዜን ሙሉ አላስወለቁኝም።»

አባ ሰው ሁሉ እየሰማ «ተሳስቻለሁ» አሉ። ካህን እንዲህ ሲሉ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ሙሴው አላሉም። እስከ ዛሬም አላሉም። «እንግዲህ ሥርዓቱ ተፈጸመ» ብቻ ነው ያሉት፤ ሲፈሩም ሲያፍሩም የሚናገሩት ያው ነው።

ሸሚዜን ለብሼ ተቀመጥሁ። ዋንጫው ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ፤ ጣሳ አልመጣም። ጠጣሁና ከግራዬ ላለው ሰው አቀበልኩ። ከግራዬ ጎረቤቴ ነው ያለው። ዋንጫውን ያዘ። ሃያ ሁለት ሰው ያየዋል። የዋንጫውን ዳር በአውራ ጣቱ ጠረገ፤ ጥቂት ነው የጠረገው፤ አይቻለሁ። ከዚያ ጠጣ፤ እስከ ግማሹ ጠጣ። አሁንም በሬ እንቀናጃለን። ስለ አውራ ጣቱ ተናግሬው አላውቅም።

የታኅሣሥ ባለተራ ሌላ ሰው ነበር። አባ ጠሩትና «የሰውየው ተራ ከሰኔ ጀምሮ ቆሞ ይጠብቃል፤ አንተ አንድ ወር ብትቆይ ምን ይልሃል?» አሉት። «ምንም አይለኝ። ጌሾም አልገዛሁ» አለ። ዲያቆኑ ጽዋውን አመጣው። ሰገድኩ፣ ተሳለምሁ፣ ተቀበልሁ። ከብዶ ነበር፤ ወይም ክንዴ ደክሞ ይሆናል። ሊሸኙኝ የመጡት ጥቂት ናቸው፤ ሙሴው ጉልበቴን አመመኝ ብለው ቀሩ፣ ጎረቤቴ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ በወፍራም ድምፁ ዘመረ።

ባለቤቴ ዝማሬውን ሰምታ ከቤት አልወጣችም። ደጃፉ ላይ ስደርስ ውስጥ ቆማ ነው ያገኘኋት፤ ነጠላም አልለበሰች፣ መደቡንም አልለቀለቀች።

«ለእኛ ነው?» አለችኝ።

«ለእኛ ነው።»

ከእጄ ተቀብላ መደቡ ላይ አስቀመጠችው። ይህ የሆነው ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፭ ዓመተ ምሕረት ነው።